ሳይነስ አለብኝ

አክስቴ ቤት ቡና ስጠራ ጤነኛ ሆኜ መሄድ ያሳፍረኛል። ባለፈው ቅዳሜ ገና አቦሉ ሳይቀዳ አንዷ ጎረቤት «ዲስክ አለብኝ» አለች። ሌላዋ «እኔ ደግሞ ነርቭ» ብላ ወገቧን ያዘች። አክስቴ ጀበናውን አስደግፋ አስቀመጠችና ጨዋታውን ዘጋችው። «እኔ ጋስትሪክም፣ ሳይነስም፣ ፕሬዠርም አለብኝ።»

ሁለቱም ዝም አሉ። ሦስት ለአንድ ምን ይባላል?

«አንተስ?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

«እኔ ደህና ነኝ።»

አዘነችልኝ። «አልተመረመርክማ!»

እስቲ ይቺን ሳይነስ ልብ በሉልኝ። ሳይነስ በባለቤቶቹ ቋንቋ በሽታ አይደለም። ፊታችን ውስጥ፣ አጥንቱ መሀል ያለ አየር የሞላው ክፍት ቦታ ነው። አራት ጥንድ አለን። ሚኒስትሩም አለው፣ የታክሲ ረዳቱም አለው። ታሞ ሲያብጥ ነው ሳይነሳይተስ የሚባለው። ያቺ የኋላዋ ጭራ ግን እኛ ጋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀርታለች። ቶንሲልም፣ ፕሮስቴትም፣ ዲስክም እንዲሁ የአካል ስም ሆነው ተነስተው በሽታ ሆነው ገቡ። ጋስትሪክማ ጭራሽ ስም እንኳ አይደለም፤ «የጨጓራ» ማለት ነው። የጨጓራ ምን? አይታወቅም። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ እኛ ኦሜፕራዞል መዋጥ ጀምረናል።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ክረምት ግንባሬን ወጥሮ ይዞኝ ካርድ አወጣሁ። ሁለት ሰዓት ተራ ጠብቄ ገባሁና፣ የተማርኩ መሆኔን ቶሎ እንዲያውቅልኝ ብዬ «ዶክተር፣ ሳይነስ አለብኝ» አልኩት።

ቀና እንኳ ሳይል «እኔም አለኝ» አለኝ።

እሱ «አለኝ»፣ እኔ «አለብኝ»። በመሀላችን ያለችው «ብ» ብቻ ናት። ቤት አለኝ፣ ዕዳ አለብኝ። ልጅ አለኝ፣ ክስ አለብኝ። በዚህች በአንዲት ፊደል ነው የገዛ አካላችንን ዕዳ ያደረግነው። ነገሩ በአማርኛም ያለ ነው፤ «ኩላሊት አለበት» ስንል ኖረናል። እንግሊዝኛው የጨመረልን ማዕረግ ነው። ጨጓራውን የሚያመው ሰው «ሚጥሚጣ ቀንስ» ይባላል። ጋስትሪክ ያለበት ሰው ግን ለብቻው አልጫ ይሠራለታል።

ማዕረጉ ደግሞ ጉድ ይሸፍናል። አክስቴ አንድ ጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ ተባለች። እነዚህ ሁለቱ መንታ ናቸው፤ እኔ በማውቀው ሰፈር አንዱን ብቻ ይዞ ከላብራቶሪ የወጣ ሰው አላየሁም። ምርመራዎቹም ተቃቅፈው ነው የሚታዘዙት፤ ዊዳል እና ዌል ፌሊክስ። አንዱ ከ1896፣ ሌላው ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ አዛውንቶች ናቸው። በሽታዎቹ ግን ዝምድና የላቸውም። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ ይመጣል። ታይፈስ፣ ያ የአያቶቻችን ተስቦ፣ በቅማል። ይህንኑ ለአክስቴ በትሕትና አስረዳኋት።

ስኒዋን ቁጭ አደረገች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ቅማሉ የአንተ ነው» አለችኝ። «የእኔ ታይፈስ ነው።»

ድሮ ለበሽታ ስም የምናወጣው እኛው ነበርን። በ1911 ዓ.ም. ያ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሰዉ የፈረንጅ ስሙን አልጠበቀም። በበረታበት ወር «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጨረሰ። ይኸው እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን በጭስ እናለቅሳለን። ፈረንጆቹ ያኔ «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» እያሉ ምስኪኗን ስፔን ነበር ስም የሚያጠፉት።

የአሁኑ የቡና ወሬ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው ቡና ላይ ስንደርስ ባሪ ማርሻል ስለሚባለው የአውስትራሊያ ሐኪም አወራሁላቸው። ባክቴሪያው ጨጓራ እንደሚያሳምም አላምን ሲሉት፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ራሱ ጠጣው፤ በሾርባ። ታመመ። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

«በባዶ ሆዱ ነው?» አለች አክስቴ።

የባለ ነርቯ ጎረቤት ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። እናት ልትጠይቃት ሄዳ ያመማትን የነገረችን በረካው ላይ ነው። ከፀሐይ ስትገባ ራሷን ወጋት፣ ከንፈሯ ቆሰለ። ልጅ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። አስተርጓሚ ራሷ ሆነች።

«ምች መታኝ በያት።»

ልጅቷ አሰበች፣ አሰበችና «የሆነ ነገር መቷታል» አለች በእንግሊዝኛ። ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። ልጅቷን በትሕትና አስወጣቻትና በስልክ ሌላ አስተርጓሚ አስገባች።

«እናቴ፣ ቤት ውስጥ የሚመታዎት ሰው አለ?»

«ኧረ የለም! ውጭ ነው የመታኝ።»

«ማን?»

«ምች ነዋ!»

በስልኩ ውስጥ ትንሽ መንሾካሾክ ተሰማ። ከዚያ አስተርጓሚው ተመልሶ፣ ሐኪሟ የአባቱንም ስም እንደምትፈልግ ነገራት።

ስቀን ስቀን ፍም ሊደፋ ምንም አልቀረው። ያልሳቀችው አክስቴ ብቻ ናት። ከአንገቷ ነቀነቀች።

«ሳይነስ አለብኝ ብትል ምን ነበረበት?»