መላክ ሌላ፣ መተኮስ ሌላ
ይህ ስለታጠቀ ፖሊስ መሰማራት ለወጣ አንድ ጽሑፍ የሰጠሁት አስተያየት ነው፤ «የታጠቀ ፖሊስ የሚሰማራው ክልሉ ሲጠይቅ ብቻ ነው» የሚለው የጽሑፉ ዐረፍተ ነገር ሁለት ነገር አምታቷል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(14) የክልል ጥያቄ የሚያስፈልገው ለመከላከያ ሠራዊት ነው፤ ያውም የጸጥታው መደፍረስ ከክልሉ ባለሥልጣናት አቅም በላይ ሲሆን። የክልል ፖሊስ ግን በአንቀጽ 52 መሠረት የራሱ የክልሉ ነው፤ ጠመንጃ አስይዞ ለማሰማራት ማንን ይለምናል? በዚሁ ጽሑፍ ሥር «ባሕር ዳር ላይ ፖሊስ ከዱላ በቀር አይዝም ነበር» ያሉት ሌላ አስተያየት ሰጪ የየትኛውን ዘመን እንደሚያወሩ አልገባኝም። እኔ ጣና ዳር ነው ያደግሁት፤ የዓባይ ድልድይ ጠባቂ ባዶ እጁን ቆሞ አይቼ አላውቅም። ልጆች ሆነን ጉማሬ ለማየት ድልድዩ ላይ ቆም ስንል «እለፉ!» ይለን ነበር (ፎቶ ማንሳትማ አይታሰብም)። እኔን የሚያስጨንቀኝ መሣሪያው መታየቱ ሳይሆን ቃታው የሚሳብበት ሰዓት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቁት መርሆዎች ይህን በዝርዝር ይናገራሉ፦ ፖሊስ የሚተኩሰው በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ የሞት ወይም የከባድ ጉዳት አደጋ ሲያንዣብብና ቀላሉ መንገድ ሁሉ ሲያልቅ ነው፤ በመጀመሪያም ማንነቱን ገልጾ ማስጠንቀቅ አለበት። ነሐሴ 1 ቀን 2008 እዚሁ ከተማችን ሰልፍ የወጡ ሰዎች በጥይት ሲወድቁ፣ በየለቅሶ ቤቱ የሰማሁት ጥያቄ «ታጣቂውን ማን ላከው?» ሳይሆን «ተኩስ ያለው ማን ነው?» የሚል ነበር። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳን የለውም።