ማፍሰስ የሚወድ ሰፈር

አያት አካባቢ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ሰፈር፣ ብስክሌት ገልብጦ ለሚጠግን ሰው ከወለቀው ካቴና ይልቅ የሚያስመርረው የአላፊ አግዳሚው ምክር ነው። ትናንት አንድ ጎረቤቴ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቃጠለ ዘይት ይዘው መጡና «ይህን አፍስስበት ልጄ፣ ጸጥ ይላል» አሉኝ። ጸጥ ማለቱስ አይቀርም፤ ነገር ግን ከሞተር የወጣ ዘይት ጥላሸትና የብረት ብናኝ ስለሚይዝ፣ የሰፈራችን አቧራ ሲጨመርበት ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ካቴና በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ይደርቃል፤ በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይደረግበታል፤ ከዚያ ውጭው በጨርቅ በደንብ ይጠረጋል፤ ዘይቱ የሚያስፈልገው በውስጥ ለሚፋተጉት ብረቶች ነውና። መጥረጉን ግን የሚወድ የለም። በእኛ ዘንድ ማፍሰስ ለጋስነት፣ መጥረግ ስስት ይመስላል።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለውን ተረት የምወደው እኚህን ሰው ስለሚያስታውሰኝ ነው። አምና የልጃቸውን ብስክሌት ግራ ፔዳል ለመፍታት መፍቻዬን ተዋሱ። የግራ ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ በመሆኑ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው፤ እሳቸው ግን በለመዱት አቅጣጫ በጉልበት ሲያጠብቁት ውለው፣ በመጨረሻ «መፍቻህ አይረባም» ብለው በመንደሩ ሁሉ አወሩ። የማይረባው መፍቻ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ድንኳንና ስለ ብረት ድስት አያያዝ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚገሥጹን ደግሞ እሳቸው ናቸው! የእድሩን ሰሃን የሰበረ ይቀጣል፤ የጎረቤትን መፍቻ ያስቀረ ግን መድረኩን ይይዛል።

ፔዳሉን የያዘው ክንድ ሲላላና በየዙሩ ቋ ቋ ሲል ደግሞ መድኃኒታቸው ድንጋይ ነው። ብሎኑን በጊዜ ማጥበቅ ይበቃ ነበር፤ እየተወላገደ ከተነዳ ግን ለስላሳው የአልሙኒየም ቀዳዳ በጠንካራው የብረት ዘንግ ላይ ይሰፋና ከዚያ በኋላ ማጥበቅም ሆነ መቀጥቀጥ አያድነውም፤ ክንዱ ይለወጣል።

ወደ ካቴናው ልመለስ፤ በአናጢ ሜትር 24 መገጣጠሚያ ሲለካ አዲሱ 305 ሚሊሜትር ያህል ነው። 307 ከደረሰ ውስጡ ተበልቷልና፣ የኋላውን ጥርስ ይዞ ከመጥፋቱ በፊት መርካቶ ወርዶ ሌላ መግዛት ነው።