«ለእሷ እንዳይነግሯት»

ጎንደር ውስጥ በሆስፒታል ኮሪደር አስታማሚ ሆኖ የቆመ ሰው ይህን ልመና ሳይሰማ አይቀርም። የምርመራው ውጤት ወጥቷል። ታላቅየው ልጅ ሐኪሙን ወደ ጥግ ሳብ ያደርግና «ዶክተር፣ በእግዚአብሔር፣ ለእሷ እንዳይነግሯት። ከሰማች አትተርፍም» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የሚያውቁና የማያውቁ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ የማታውቀውም ሕመሙን የተሸከመችው እናት ትሆናለች። ካንሰሩ «ትንሽ እብጠት» ይባልላታል፤ ኬሞው ደግሞ «የሚያበረታ ግሉኮስ»። ልጆቿ ጓዳ ገብተው ያለቅሳሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ እየሳቁ ይወጣሉ።

ይህን የሚያደርጉት ክፉ ልጆች አይደሉም። ወንበር ላይ እያደሩ የሚያስታምሙ፣ በሬ ሸጠው የሚያሳክሙ ናቸው። በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ በነበረባቸው ረጅም ዓመታት፣ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ላይ ተራ የጠበቁ አሉባቸው። እንዲህ የደከመ ሰው ፍቅሩ አይጠረጠርም። መደበቁ ግን ጉዳት ነው እላለሁ። ለከባድ ሕመምተኛ የቀሩትን ሁለት ትልልቅ ነገሮች፣ የቤተሰቡን ደስታና እምነቱን፣ በገዛ እጃችን እንነጥቀዋለን።

ደግሞስ ማንን ነው የምንደብቀው? ፀጉሯ የረገፈ፣ በየጊዜው መርፌ ተሰክቶላት የምትውል ሴት የያዛትን ነገር ሳታውቅ ትቀራለች? አብዛኛውን ጊዜ ታውቃለች። ልጆቿ እንዳይደነግጡ ብላ ያላወቀች ትመስላለች እንጂ። እነሱ ለእሷ ይደብቃሉ፣ እሷም ለእነሱ ትደብቃለች፤ ቤት ሙሉ ሰው እያላት እንደ መጻጉዕ «ሰው የለኝም» ትላለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባልን አድገን፣ እኛ ደግሞ በሽታውን ከባለቤቱ እንደብቃለን።

አክስቴ የጡት ካንሰር አለባት። ልጆቿ ደብቀዋት ነበር። የነገረቻት፣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ከጎኗ የተቀመጠች የደብረ ታቦር ሴት ናት፤ «እትዬ፣ አንችስ ስንተኛ ኬሞሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴ ያን ቀን ቤት ስትገባ አልጮኸችም። ልጆቿን ሰብስባ «የእኔን ለቅሶ እኔ ሳልሰማ ልትቀመጡ ነው?» አለቻቸው። ከዚያ ሁሉም አለቀሱ፣ እሷም አብራ አለቀሰች። ሲወጣላቸው «በሉ፣ ራት አቅርቡ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ሌላ ቤት ሆነ። ኬሞ ሽታ ያስጠላል፤ ዕጣኑም፣ የምትወደው የቡና ጭስም ያጥወለውላት ነበር። ልጆቿ እውነቱን በደበቁበት ወቅት ምክንያት እየፈለጉ ቡናውን ከነጭራሹ አቁመውት ነበር፤ ጎረቤትም መቅረት ጀምሮ ነበር። አሁን ቡናው ግቢ ውስጥ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ አጥር በሚወስድበት በኩል ይፈላል። እሷ በመስኮቱ ሥር ጋደም ብላ የብረት ምጣዱን ድምፅ ታዳምጣለች። ቡናው መንጣጣት ጀምሮ ጥቂት እንደቆየ «አንች፣ አውጭው፣ አረረ!» ትላለች። አትሳሳትም። ከአቦል እስከ በረካ የሰፈሩ ጨዋታ በመስኮት ይገባላታል፤ እሷም በመስኮት ትመልሳለች። እኔ በሕይወቴ ያን ያህል የተሳቀበት ቡና ጠጥቼ አላውቅም።

በፍልሰታ የነፍስ አባቷ ጾሙን አቀለሉላት። ሐኪሙ ምግብ እንድትወስድ አጥብቆ ነግሯት ስለነበር ወተት እንድትጠጣ ፈቀዱላት። እሷ ግን ተጨነቀች፤ ጎንደር ላይ ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፣ የልጅ ልጇም እስኪቆርብ አፉ ላይ ምንም ሳያደርግ ይውላል። እሱ እየጾመ እሷ ወተት ልትጠጣ? ልጆቿ ኩባያውን ሊሸፍኑላት ሲሉ ከለከለቻቸው፤ ልጁን ጠርታ «እኔ ታምሜያለሁ፣ ከባድ በሽታ ነው፣ አባ ጠጭ ብለውኛል። አንተ የእኔንም ጭምር ጹምልኝ» አለችው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርቦ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እሷ አልጋ እየሮጠ «ያንችንም ጾምኩልሽ» ይላታል። ይህ ደስታ ከመዳን በኋላ የመጣ አይደለም። በሕመሙ መሀል የመጣ ነው፤ እውነቱ ባይነገር ኖሮ ግን ባልመጣ ነበር።

እምነትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ክርክር «ተስፋ ትቆርጣለች» የሚል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሌላ ያስተምራል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ንጉሥ ሕዝቅያስ እስከ ሞት ደርሶ ታመመ። ነቢዩ ወደ እሱ ገብቶ «ትሞታለህ እንጂ በሕይወት አትኖርምና ቤትህን አስተካክል» አለው። ባለሟሎቹን ለብቻ ጠርቶ አላንሾካሾከም፤ ለታማሚው ለራሱ ነገረው። ሕዝቅያስም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ተጨመረለት። ያን ጸሎት የወለደው እውነቱን መስማቱ ነው። ባይነገረው ኖሮ ምን ብሎ ይለምን ነበር? እዚያው ምዕራፍ ላይ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲደረግለትም ያዝዛል። ጸሎቱም መድኃኒቱም ባንድ አልጋ ላይ ናቸው።

የያዕቆብ መልእክትም የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን እንዲጠራ፣ በዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዛል፤ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ የሆነው ምሥጢረ ቀንዲል የሚጠቅሰው ይህን ነው። ካህናቱን የሚጠራው ታማሚው ራሱ መሆኑን ልብ በሉ። ምን እንደያዛት ያልተነገራት እናት በምን ምክንያት ትጠራ? ንስሐዋን፣ ቁርባኗን፣ ከተኳረፈችው ወንድሟ ጋር መታረቋን «ትንሽ እብጠት ነው» በሚል ቃል እናስተጓጉልባታለን። አክስቴ ባወቀች በሳምንታት ውስጥ ነው በመሬት ነገር ለዓመታት ተዘጋግታ ከነበረችው እህቷ ጋር የታረቀችው። በዓመቱ የኅዳር ቁስቋም ዕለትም ሁለቱ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት ወጡ፤ እኛ ከኋላ በእግር ተከተልን።

በዚህ መሀል የሚያምሰን ሌላ ነገር አለ። አንዳንዱ ጠያቂ «መቼም ያለ ነገር አልያዛት» ብሎ ሕመምን የኃጢአት ቅጣት ያደርገዋል። ሌላው «መተት ነው» ይላል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ተመሳሳይ ነገር ሲጠይቁ ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ መልሶላቸዋል፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን «ጸበሉን ካመንሽ ኬሞውን ተይው» የሚለው ምክር ነው። ይህ የቤተ ክርስቲያኒቱ ድምፅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ ገልጸዋል። ለጎንደርም ነገሩ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚህ ሲደርስ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ ታቦት አጠገብ በተሠራው በዚያ ግቢ የታመሙትን ልጆች እንዲያክም ተፈቅዶለታል።

«ባህላችን አይፈቅድም» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ባህላችን እኮ ከባድ ነገር መናገር የሚችል ባህል ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡ። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ የቅርብ ዘመድ ይጠራል፣ የነፍስ አባት ይመጣል፣ ሰው ቤቱ ሳለ ማለዳ ላይ ይነገረዋል። ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው። ይህን ሁሉ ጥበብ ስለ ሞተ ሰው ለመናገር ከተጠቀምንበት፣ በሕይወት ላለችው እናት ስለ ራሷ ሕመም ለመንገር የማንጠቀምበት ምክንያት አይታየኝም። ልጆቹ ይምከሩ፤ የምትሰማው ልጅ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፤ አባን ይጥሩ። ከተቻለ ሐኪሙ ወይም ነርሷ የሕክምናውን መንገድ አብረው ያስረዱ፤ ስቃይ ማስታገሻ መድኃኒት እንዳለ፣ እሱን መጠየቅም የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ ይነገራት። ብዙ ታማሚ ከሞቱ ይልቅ ስቃዩን ነው የሚፈራው።

ጠያቂዎችም ድርሻ አለን። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የተባለው ቃል ብርቱካን ይዞ ገብቶ ከንፈር መምጠጥን አይጨምርም። «ከሳሽ! ምን ነካሽ?» አይባልም፤ መክሳቷን እሷ ታውቀዋለች። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ስለሚቀንስ በቀላሉ ይታመማል፤ ጉንፋን የያዘው ይቅር፣ ጤነኛውም እጁን ታጥቦ ይግባ። ከዚያ ስለ ገበያው፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ልጆቹ ፈተና ይጫወት፤ ምክርም ይጠይቃት። አክስቴ በጣም የምትወደው ጠያቂ የጠላ ጥንስሷ የተበላሸባት ጎረቤቷ ናት። ድፍድፉን በጣሳ ይዛላት መጥታ «እትዬ፣ ምኑ ጎደለው?» ብላ አስቀመሰቻት። አክስቴ ቀና ብላ ቀመሰች፣ «ጌሾው አንሷል» አለች፣ ያን ቀን ሙሉ ፊቷ ፈክቶ ዋለ። ከታመመች ጀምሮ ሁሉም ያዝንላት ነበር፤ የሚጠይቃት ጉዳይ ኖሮት የመጣ ግን ያች ጎረቤት የመጀመሪያዋ ነበረች።

መስማት የማይፈልግ ታማሚም አለ። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልሰማም» ይላል፤ መብቱ ነው፣ ሊከበርለት ይገባል። ነገር ግን ይህን መወሰን ያለበት እሱ ነው እንጂ ኮሪደር ላይ የቆምነው እኛ አይደለንም። ስለዚህ ሐኪሞቻችንን የምለምነው ልጆቹ ወደ ጥግ ከመሳባቸው በፊት፣ ገና ምርመራው ሲታዘዝ፣ ታማሚዋን ራሷን «እማማ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለማን ልንገር? ለእርስዎ ወይስ ለልጅዎ?» ብለው እንዲጠይቋት ነው።