ሁለት ወንዶች በተቃቀፉ ቁጥር ጀርባ ላይ ለሚያርፈው ለአቶ ቸብቸብ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአቶ ቸብቸብ፣ ባለህበት።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጀርባ ሕመም በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ሕመሙም ካንተ የመጣ ነው።

አንቱ ብዬ ልጀምር ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ሳይጠሩት በሁለት ሰዎች እቅፍ መሀል ዘሎ የሚገባን አካል አንቱ ማለት ከበደኝ።

ቸብቸብ ደግሞ ማነው ለምትሉ፦ ሁለት ወንዶች ይተቃቀፋሉ። አንድ ሁለት ሰከንድ ሰላም ነው። ሦስተኛው ላይ አንዱ ይደነግጣል። ከዚያ ዱም! ዱም! ዱም! የጓደኛውን ጀርባ እንደ ከበሮ ይመታዋል። እቅፉ አልቋል፣ የሚያይ ሰው ካለ ይመስክርልን፣ እኛ ጓደኛሞች ብቻ ነን ማለቱ ነው። በቃ እሱ ነው ቸብቸብ።

ሰርግ ላይ አለህ። ኳስ ሜዳ አለህ። ኤርፖርት አለህማ! ለቅሶ ቤት እንኳን፣ ሰው አባቱን ቀብሮ መጥቶ፣ አንተ ጀርባውን ትወቃዋለህ። ደሞዝ የምትበላበት ዋናው መሥሪያ ቤትህ የት እንደሆነ ግን ደርሼበታለሁ። የፍቅር ሪያሊቲ ሾው ነው።

እኛ ቤት፣ ለንደን፣ በጋ ሲገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አይቲቪ 2 የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ይከፈትና ላቭ አይላንድ ይጀምራል። የምታየው ባለቤቴ ናት። እኔ እዚያ የምገኘው ሶፋው አንድ ስለሆነ ነው። (ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ብትጠይቁኝ ግን እነግራችኋለሁ።)

አሠራሩን ታውቀዋለህ፣ ያንተው ቤት ነው። ማዮርካ ደሴት ላይ አንድ ቪላ። ሸሚዝ የማያውቁ ወንዶች፣ ቢኪኒ የለበሱ ሴቶች። እየተመራረጡ ይጣመራሉ፣ ጥንድ ያጣ ይወጣል። ስልካቸው ተወስዷል፣ ከውጭ የሚገባ ወሬ የለም። አሸናፊዎቹ ጥንዶች 50,000 ፓውንድ ያገኛሉ፣ ሁሉም ግን ለፍቅር ነው የመጣሁት ይላል። እሺ። እንግዲህ አስበው፣ ሥራ የፈታ ወጣት ከሌላ ሥራ የፈታ ወጣት ጋር ለሳምንታት አንድ ግቢ ውስጥ ሲዘጋበት ምን ያደርጋል? ያወራል። ስፖርት ይሠራል። መስታወት ፊት ይቆማል። ልቡ ሲሰበር ደግሞ የሚያለቅሰው ትናንት የተዋወቃት ልጅ ትከሻ ላይ አይደለም፣ አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ ትከሻ ላይ ነው።

በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ) ክሪስ ሂዩዝና ኬም ቼቲናይ የሚባሉ ሁለት ልጆች ገቡ። ተዋደዱ። አንዱ ሲከፋው ሌላው ይከፋዋል፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ሊያባብል ገብቶ አብሮ ያለቅሳል። ተመልካቹም ከጥንዶቹ ሁሉ እውነተኞቹ እነዚህ ናቸው ማለት ጀመረ። ኬም ከአምበር ዴቪስ ጋር ውድድሩን አሸነፈ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ተለያዩ። ክሪስና ኬም ግን አብረው ራፕ አወጡ፣ በ2018 ደግሞ በሁለቱ ስም የተሰየመ የራሳቸው ፕሮግራም ይዘው መጡ። ፍቅር ፈልጉ ተብለው ተልከው ያገኙት እርስ በርሳቸውን ነበር።

አንተ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረህም። ምክንያቱም ይሄ ሁሉ መዋደድ የሚፈቀደው እንደ ቀልድ ሲቀርብ ብቻ ነው። የሚያስቅ ሙዚቃ ከሥሩ ይገባል፣ ተራኪው ከላይ ይቀልድበታል፣ ማንም የምር እንዳይወስደው።

በ2021 ከአይቲቪ ኃላፊዎች አንዷ አማንዳ ስታቭሪ ጌይ ተወዳዳሪዎችን ማስገባት ከፕሮግራሙ አሠራር አንፃር እንደሚያስቸግር ተናግራ ነበር። ይገባኛል! ማንም ከማንም ጋር መጣመር ከቻለ ማታ እሳት ዙሪያ ቆመው ጥንድ የሚመርጡበት ሒሳብ ይበላሻል። (በ2016 እዚያው ቤት ሁለት ሴቶች ተጣምረው ነበር፣ ሰማይ አልተደፋም። ለሴቶች ሲሆን ካሜራው ቀረብ ይላል፣ ለወንዶች ሲሆን አንተ ትጠራለህ።) ግን እስቲ አስበው። ሁሉም ወንድ ሴት እንደሚፈልግ ገና ከበሩ ተጣርቶ የሚገባበት ቤት ነው። እንግዲያው አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ? ምኑን ነው የምታረጋግጠው? ለማን?

የሥራ ልምድህን ሳጣራ 2004 ላይ አሜሪካ፣ ፎክስ ቴሌቪዥን ተቀጥረህ እንደነበር አገኘሁ። ፕሮግራሙ ፕሌዪንግ ኢት ስትሬት ይባላል። አንዲት ልጅ ከ14 ወንዶች ጋር ኔቫዳ የከብት እርባታ ቤት ትገባለች። ከመሀላቸው ጌይ መሆናቸውን ደብቀው የገቡ አሉ። የእሷ ሥራ እነሱን መለየት ነው። መጨረሻ ላይ የመረጠችው ሰው ሴት የሚወድ ከሆነ አንድ ሚሊዮን ዶላሩን ይካፈላሉ፣ ጌይ ከሆነ እሱ ብሩን ብቻውን ይዞ ውልቅ ይላል። እንግዲህ አረማመድ የሚመዘንበት፣ የብርጭቆ አያያዝ ሳይቀር የሚጠረጠርበት ቤት ውስጥ ማን ሰው ማቀፍ ይደፍራል? ከሦስት ክፍል በኋላ ፎክስ ራሱ ፕሮግራሙን ከአየር አወረደው። አንተ ግን አልተባረርክም። ተዛወርክ እንጂ።

አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች መሀል አንዷን ወደሚመርጥበት ወደ ዘ ባችለር ነው የተዛወርከው። በ2019 ኮልተን አንደርዉድ የሚባል የቀድሞ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ቀረበ። ፕሮግራሙ የሸጠው ድንግል ነው ብሎ ነው። ወንድ፣ ስፖርተኛ፣ መልከ መልካም፣ ድንግል፣ ጉድ ነው! መቼ ይሆን? ከማን ጋር ይሆን? ፖርቹጋል ላይ የወደዳት ልጅ ጥላው ስትሄድ አጥር ዘሎ ጨለማ ውስጥ ገባ፣ ያችን ዝላይ በየማስታወቂያው እየደጋገሙ አሳዩን። በ2021 ጉድ ሞርኒንግ አሜሪካ ላይ ቀርቦ ጌይ ነኝ አለ። ወንድነቱ በአጥር ዝላይ ሲለካ የከረመ ሰውዬ። መዘዙ የደረሰው ለእሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ያቺ ልጅ ከተለያዩ በኋላ በ2020 ፍርድ ቤት ሄዳ እንዳይቀርባት የእገዳ ትእዛዝ ጠይቃበት ነበር፣ በኋላ ብትተወውም። በእውነት እሱን ለማዘንም ለመቆጣትም ያስቸግራል፣ እኔ ሁለቱንም ነው ያደረግኩት።

የወንዶች ጓደኝነት ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩህ እንዳይመስልህ ደግሞ። በ2022 የላቭ አይላንድ ወንዶች በሴቶቹ ላይ ያሳዩት ባሕርይ ብዙ ቅሬታ አስነስቶ ዊመንስ ኤይድ የተባለው፣ ቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች የሚቆመው ድርጅት አይቲቪን እስከማነጋገር ደርሷል። አንዱ ያጠፋል፣ ሌላው "ልክ ነህ ወንድሜ" ይለዋል። እና እዚያ ማን አለ? አንተ። ዱም ዱም ዱም። ሰው ሲያለቅስ ለቅሶውን ለማሳጠር የምትመጣው አንተ፣ ሰው ሲያጠፋ አይዞህ ለማለት የምትመጣውም አንተ። አንድ ቀን እንኳን "ተው፣ ነውር ነው" ስትል አልሰማሁህም።

ጃፓኖች በ2024 ዘ ቦይፍሬንድ የሚል ሠርተዋል፣ ኔትፍሊክስ ላይ አለ። ወንድ የሚወዱ ወንዶች ባሕር ዳርቻ ቤት ውስጥ አብረው እየኖሩ በመኪና ቡና ይሸጣሉ። ከጠቦቻቸው አንዱ ምን መሰለህ? አንዱ ልጅ የዶሮ ሥጋ በጁስ መፍጫ እየፈጨ ስለሚጠጣ የጋራው የምግብ በጀት አልበቃ አለ። ስለ ዶሮ ተቀምጠው ተወያዩ! የምወደው ሰው አላገኘሁም ያለውም ጓደኛ አግኝቶ ወጣ። ማንም ለማንም ማስተባበያ መስጠት ስላልነበረበት አንተን ብዙም አላየሁህም። ሪፖርት እንዳደርግብህ አልፈለግክ ይሆናል።

ዋናው የተናደድኩት ግን በእኛ ነገር ነው። አገር ቤት ማን ያውቅህ ነበር? ሁለት ጎረምሶች ጣት ለጣት ተቆላልፈው ከፒያሳ አራት ኪሎ ይሄዳሉ። ፖሊስ ከፖሊስ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ያልፋል። ትከሻ ለትከሻ ሰላምታ አለ፣ ጉርሻ አለ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። (ሁለቱ ጌይ ነን ቢሉ ነገሩ ሌላ ነው፣ ሕጉም እስር ነው የሚላቸው። ስለዚህ እኛም ብዙ አንኩራራ።) ያው ሰውዬ ለንደን፣ ሂትሮው ኤርፖርት ይወርዳል። ብዙ ሳይቆይ እጁን ኪሱ ይከታል። አብሮ አደጉ ከአዲስ አበባ መጥቶ መንገድ ላይ እጁን ያዝ ሲያደርገው ግራና ቀኝ ያያል፣ ከዚያ ስልክ የተደወለለት መስሎ እጁን ያስለቅቃል። አሁን አሁንማ አዲስ አበባም ገብተሃል አሉ፣ ቲክቶክ ቪዛ አይጠይቅም። ሁለት ጓደኛሞች ቀረብ ብለው የተነሱትን ቪዲዮ ከለጠፉ ኮሜንቱ ሁሉ "ኧረ ተው!" ሆኗል።

ስለዚህ የምጠይቅህ ይሄን ነው። ለቅሶ ቤት ድርሽ አትበል። ኳስ ላይ ፈቅጄልሃለሁ፣ ጎል ሲገባ እንደፈለግክ ምታ። ኤርፖርት ላይ ትንሽ ታገስ፣ ሰውየው ወንድሙን ካየ ዓመታት አልፈውታል። ላቭ አይላንድን በተመለከተ የዓመት ፈቃድህን በጋ ላይ ብትወስድ ደስ ይለኛል። መቼም እስካሁን አንድ ቀን ፈቃድ ወጥተህ አታውቅም፣ ሳይጠራቀምልህ አይቀርም።

ከሰላምታ ጋር፣
ጀርባው የተወቃ ወዳጅህ

ግልባጭ፦
ለአይቲቪ 2
ለዘ ባችለር አዘጋጆች
ለዶሮ ጠጪው ልጅ (ለሰላምታ ያህል)