ምላጭ ቢያብጥ

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ አገጬን ያያል። አለቃችን ስለ ሩብ ዓመቱ ዕቅድ ያወራል፤ እሱም እያወራ አገጬን ያያል። ፊቴ ላይ አራት ቦታ የሶፍት ቁራጭ ለጥፌ ነበር። ከቤት ስወጣ ሦስቱን አንስቻለሁ። አራተኛዋን ረስቻታለሁ። መሃሏ ላይ ቀይ ነጥብ አላት።

በዕረፍት ሰዓት ጥያቄው ጀመረ። «ድመት ታሳድጋለህ እንዴ?» አለችኝ አንዷ። ሌላው ወደ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤት ሰላም ነው?» አለኝ።

«ጺሜን ተላጭቼ ነው» አልኩት።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ሲመችህ ትነግረኛለህ» ብሎኝ ሄደ።

እውነቴን ነው እኮ። ጺሜን ነው የተላጨሁት። ነገሩ በምን ተላጨሁ የሚለው ላይ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ የተላጨሁት በፕላስቲክ መላጫ ነው። ያ አንድ ራስ ላይ ብዙ ምላጭ የተደረደረበት፣ ሁላችሁም የምታውቁት። በ1971 ባለ ሁለት ምላጭ ነበር። በ1998 ሦስት ሆነ። በ2003 አራት። በ2006 አምስት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ምላጮቹም የበዙት በነሱው አቆጣጠር ነው።) እንደሚባለው የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፣ ተከታዩ ይቆርጠዋል። የቀሩት ሦስቱ ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ ፋብሪካው ውስጥ ተቀጥሮ ማየት ነው።

ተስቦ የተቆረጠ ፀጉር ጫፉ ከቆዳ በታች ይገባል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ብዙም አይቸገርም። እንደኔ ጥቅልል ያለ ፀጉር ላለው ግን ጣጣ ነው። ተመልሶ ሲያድግ መውጫው ይጠፋዋል፣ እዚያው ቆዳ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። አንገቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የተነጨ ዶሮ መስሎ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኼን ለአንድ ወዳጄ ያማረርኩ ቀን ነው መከራዬ የጀመረው። ወዳጄ በቅርቡ ወደ ድሮው የብረት መላጫ የተመለሰ ሰው ነው። አዲስ አማኝ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ሰላምታ ሳይጨርስ ነው የሚሰብከው።

«አንድ ምላጭ ይበቃሃል» አለኝ። «በሁለት በኩል ስለት ያላት አንዲት ስስ ምላጭ። ውፍረቷ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ነው።»

ከዚያ ታሪኩን ለቀቀው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል አሜሪካዊ የጠርሙስ ቆርኪ ሻጭ ነበር። (ኪንግ ስሙ ነው እንጂ ንጉሥስ አልነበረም።) ቆርኪውን የፈጠረው ዊሊያም ፔይንተር፣ ሰው አንዴ ተጠቅሞ የሚጥለውንና ተመልሶ የሚገዛውን ነገር ፍጠር ብሎ መከረው። በ1895 አንድ ጠዋት ሲላጭ ሐሳቡ መጣለት። ያን ያህል ስስ ብረት ስለት እንዲይዝ ማድረግ አይቻልም አሉት። ኒከርሰን የሚባል መሐንዲስ ቻለ። በ1903 ገበያ ላይ ሲወጣ ዓመቱን ሙሉ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን መላጫው ብቻ ከ90 ሺህ በላይ ተሸጠ። ይኸው ሰው በ1894 ሕዝቡ በአንድ ግዙፍ ከተማ ተሰብስቦ በናያጋራ ፏፏቴ ኃይል ይኑር ብሎ ሐሳብ ያቀረበ ነበር። ያ አልሆነም። ምላጩ ሆነ።

ወዳጄ ይኼን ሲናገር ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። እኔ አሁን አሁን የማስበው ስለነዚያ 51 ሰዎች ነው። በነጋታው ስብሰባ እንዴት እንደገቡ የጻፈው የለም።

«ከሁሉም በላይ ትቆጥባለህ» አለኝ።

ቆጠብኩ። መጀመሪያ መላጫውን ገዛሁ። ከዚያ ብሩሽ ያስፈልጋል ተባለ። ከአሳማ ፀጉር የሚሠራ አለ፣ ባጀር ከሚባል አውሬ ፀጉር የሚሠራ አለ፣ ሰው ሠራሽም አለ። የራሴን ፀጉር ለማስወገድ የሌላ ፍጡር ፀጉር መበደር ስለከበደኝ ሰው ሠራሹን ወሰድኩ። ከዚያ ሳሙናው፣ በእንጨት ዕቃ የተቀመጠ። ከዚያ ሳሙናው የሚመታበት ጎድጓዳ ሳህን። ከዚያ ብሩሹ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ተዘቅዝቆ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ። እኔ ራሴ ኮቴን የምሰቅለው ወንበር ላይ ነው። ለመቆጠብ ያወጣሁትን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። መደርደሪያውን አየት አድርጋ «ሱቅ ልትከፍት ነው?» ብቻ አለች።

እሁድ ማታ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘጋሁ። ፊቴን ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ አራስኩ፤ ውሃ የጠገበ ጺም ይለሰልሳል። መላጫውን ፈታሁ። ሦስት ቦታ ይሆናል፤ እጀታው፣ ከሥር መደገፊያው፣ ከላይ ጎበጥ ያለው ክዳን። ምላጯ መሃል ገብታ ሲያጠብቋት አብራ ትጎብጣለች፣ ስለቷ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል። አደጋ አያደርስም የሚባለው ለዚህ ነው። ምላጭ የሚያዘው ስለት በሌላቸው አጫጭር ጫፎቹ ነው። እኔ በረጅሙ በኩል ያዝኳት። ጺሜን ሳልነካ አውራ ጣቴ ተቆረጠ።

ብሩሹን እያዞርኩ አረፋውን መታሁ። ጥሩ አረፋ ወፈር ብሎ ፊት ላይ ይቀመጣል። የኔው አረፋ ልብስ የታጠበበት ውሃ ነው የሚመስለው።

መላጫውን ወደ 30 ዲግሪ ያህል አጋድሜ ጉንጬ ላይ አሳረፍኩ። ወዳጄ አሥር ጊዜ የደጋገማት ቃል አለች። «አትጫን። የብረቱ ክብደት ራሱ ይሠራል። አንተ ምራው እንጂ አትጫን።»

ጭርርር አለ። ለካ ድምፅ አለው! ደረቅ ሣር ላይ ሲራመዱ የሚሰማው ዓይነት። ፕላስቲኩ በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም። አንዱ ጉንጭ አለቀ። ሁለተኛውም አለቀ። እዚህ ላይ ልቤ አበጠ። ይኼን ነው እንዴ የሚያካብዱት አልኩ። አገጬ ላይ ስደርስ ተጫንኩ።

አያምም። ክህደቱ እዚያ ላይ ነው። የደነዘ ነገር ሲቆርጥህ ያስጮህሃል፤ አዲስ ምላጭ ግን ሹልክ ብሎ ያልፋል። እኔ ያወቅሁት ነጩ አረፋ ቀስ እያለ ሮዝ ሲሆን ነው። መጀመሪያ መብራቱ መስሎኝ ነበር።

አስተዋይ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። እኔ አንገቴን ከታች ወደ ላይ፣ ጺሙ ከሚያድግበት በተቃራኒ ገፋሁት። በመጀመሪያ ቀን! ከዚያ አልኮል ያለበትን ሽቶ በሁለት እጄ አፍሼ ፊቴን በጥፊ መታሁት። ማስታወቂያ ላይ ሰውየው እንደዚያ አድርጎ ፈገግ ነው የሚለው።

በሩ ተንኳኳ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ምንም እንደዚህ አይጮህም።»

ወዳጄ በማግስቱ ፊቴን አይቶ ስቆ ሲያበቃ «ለመሆኑ ጺምህ ወዴት እንደሚያድግ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ወደ ውጪ ነዋ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ቀን ሳልላጭ ቆይቼ ፊቴን በጣቴ ጫፍ እንድዳስስ አዘዘኝ። ወደሚያድግበት ሲሄዱ ይለሰልሳል፣ በተቃራኒው ሲመለሱ ይሻክራል። ዳሰስኩ። ጉንጬ ላይ ወደ ታች ነው። አንገቴ ግራ በኩል ወደ ጆሮዬ ይሄዳል። ከቀኝ መንጋጋዬ ሥር ደግሞ ዞሮ ዞሮ መሃል ላይ ይጠፋል። ሃያ ዓመት የላጨሁትን ፊት ያን ቀን ተዋወቅሁት።

አሁን መጀመሪያ ወደሚያድግበት እላጫለሁ። አረፋ እደግምና ወደ ጎን አንድ ጊዜ። አበቃ። ተቃራኒውን ፀጉሩ ለሚጠቀለል ሰው አልመክርም። እብጠት ከሞላው አንገት ትንሽ ሻከር ያለ አገጭ ይሻላል። የአገጭ ልስላሴ የሚመረምር ኮሚቴ እስካሁን ቤቴ አልመጣም።

ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ያነሳችው አንዷን ቃል ብቻ ነው። ልጃችንን የቤት ሥራ አልሠራሽም ብዬ ስቆጣ ከሌላው ክፍል «አትጫን!» ትለኛለች። አልከፈት ያለኝን ክዳን ስታገል «አትጫን!» ቤት ውስጥ የቀረ ክብር ካለኝ እሱም በዚህች ቃል ሊያልቅ ነው።

ቆዳ መንከባከቡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ምላጭ ከፀጉሩ ጋር የቆዳውንም የላይኛ ሽፋን ትንሽ ይፍቃል፤ ስለዚህ ይደርቃል። ቆዳችን ቅባት ይፈልጋል፣ ወንድነታችን አይፈልግም። ነጋዴ ይኼን ያውቃል። ቅባቱን ጥቁር ዕቃ ውስጥ ይጨምረዋል፣ ላዩ ላይ ተኩላ ይስላል፣ «ለወንዶች» ብሎ ይጽፍበታል። ገዛሁ። አንድ ቀን ጀርባውን ከባለቤቴ ሮዝ ዕቃ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩት። ውሃ፣ ውሃ። ግሊሰሪን፣ ግሊሰሪን። ልዩነቱ ተኩላው ነው።

ተኩላው ሲያልቅ አልተካሁትም። በዝምታ ወደ ሮዙ ተሻገርኩ።

የቀረው ቀላል ነው። በቀዝቃዛ ውሃ መለቅለቅ። በፎጣ ነካ ነካ ማድረግ እንጂ አለመፈተግ። ከዚያ አሉም፤ ብርሃን የሚያሳልፍ የጨው ድንጋይ ነው፣ አርጥበው ፊት ላይ ሲያስኬዱት የትንንሽ ቁርጦችን ደም ያቆማል። ምስክርነትም ይሰጣል። የተጫንክበትን ቦታ ለይቶ ይለበልብሃል፣ መካድ የለም። በመጨረሻ ሽታ የሌለው ቅባት፣ ቀን ከሆነ የፀሐይ መከላከያ።

ያገለገለ ምላጭ እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። በድሮ አሜሪካ ቤቶች የመታጠቢያ ቤት ቁም ሳጥን ጀርባ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ነበረ። ምላጩን እዚያ ይከቱታል፣ ግድግዳው ውስጥ ይወድቃል፣ አለቀ። ግድግዳውን የሚያፈርስ ይጨነቅበት። እኔ ክዳኑን የሰነጠቅሁት ቆርቆሮ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት፣ ገና ለሁለተኛ ጊዜ የያዝኩት ምላጭ ጺሜን እንደ ወረንጦ ይነቅለው ጀመር። አልተናደድኩም፤ እንዲያውም ኮራሁ። በ2020 ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡትን አንብቤያለሁ። የምላጭ ብረት ከፀጉር 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል፤ እንዲያም ሆኖ ፀጉር ስለቱን ይሸርፈዋል። ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ ይባል የለ? ለካ መልሱ አገጬ ላይ ኖሯል። ባለቤቴን ጠርቼ «ጺሜ ብረት ሸረፈ» አልኳት።

«ጎበዝ» አለችኝ።

መላጫውን ፈታሁት። ምላጩ ላይ ሰማያዊ ክር ተጠምጥሟል። የልጃችን ዩኒፎርም ክር።

«ምላጬን ማን ነው የነካው?» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ቀሚሷ አጥሮባት ጠርዙን ፈታሁበት። መልሼ ገጠምኩልህ እኮ።»

«ይኼ እኮ የፊት ምላጭ ነው!»

ምንም አልመለሰችም። ገባችና ሮዙን ዕቃ ይዛ ወጣች። ክዳኑን ከፍታ ወደ መብራቱ ዘንበል አደረገችው። እስከ ታች ድረስ ተጠርጓል። ወለሉ ላይ የአንድ ወፍራም ጣት ዱካ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ይኼንንስ?» አለችኝ።

አውራ ጣቴን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።