ዋሱ ማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ እዚህ ጎንደር ፒያሳ አገኘኝ። ማኪያቶው ሳይመጣ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር ናት። ቁልፍ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ዕቃው ሲጠፋ ስልክ ላይ የተጫነው አፕ የት እንዳለ በካርታ ያሳያል። ትራከር የሚሏት ናት።

"ጋሼ፣ አሁን ለከፈለ ሰው በግማሽ ዋጋ ነው" አለኝ። "ሦስት ላዝዝ ነው። አንዷ ለቁልፌ፣ አንዷ ለቦርሳዬ፣ አንዷን ደግሞ አባባ ባጃጅ ላይ እደብቃታለሁ።"

ዕቃዋ ገና አልተሠራችም። ኩባንያው ማምረቻ የሚሆነውን ገንዘብ ከሕዝብ እየሰበሰበ ነው። ክራውድፈንዲንግ ይሉታል። ዶላሩን አሜሪካ ያለችው አክስቱ በካርዷ ትከፍልለታለች፣ እሱ እዚህ ብሩን ለአያቱ ይሰጣል።

"ዋሱ ማን ነው?" አልኩት።

"የምን ዋስ?"

እናቱ ቅዳሜ ገበያ ካሉ ነጋዴዎች ጋር እቁብ ትጥላለች። ልጁ ሥርዓቱን እያየ ነው ያደገው። ዳኛው ይታወቃል፣ ጸሐፊው ይታወቃል። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ወስዶ ቢቀር የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። እቁብተኞች ይተማመናሉ፣ አዎ። ግን መተማመናቸው ባዶ ሜዳ ላይ አልቆመም።

ክራውድፈንዲንግ ውስጥ ይህ ዋስ የለም። ገንዘቡ ከሚሰበሰብባቸው የኢንተርኔት መድረኮች ዋነኛው ኪክስታርተር እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ሲጀምር ሐሳቡ ግሩም ነበር። ባንክ የማያበድረው ወጣት ፈጠራውን ለሕዝብ ያሳያል፣ ያመነበት ያዋጣል። ነገር ግን ሰዉ እንደ ሱቅ ቆጠረው። ኩባንያው ራሱ በ2012 "ኪክስታርተር ሱቅ አይደለም" ብሎ እስከመጻፍ ደረሰ። ገንዘቡን ከሰጠህ በኋላ ዕቃው ባይመጣ መድረኩ አይከፍልህም።

በ2014 በዚሁ መድረክ አንድ የማቀዝቀዣ ሣጥን ከ62 ሺህ በላይ ሰዎች 13 ሚሊዮን ዶላር አዋጡበት። ኩባንያው በ2019 መጨረሻ ሲዘጋ 20 ሺህ ያህሉ ሣጥኑን አላዩትም። ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ኢታን ሞሊክ በ2015 ባወጣው ጥናት ቃላቸውን ያልፈጸሙት የኪክስታርተር ፕሮጀክቶች 9 በመቶ ነበሩ። አብዛኞቹ ያደርሳሉ ማለት ነው። ብሩ ብቻ ቢሆን ጉዳዩ፣ "ከቻልክ ሞክር" ብዬ ልጁን እሸኘው ነበር።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞክሬያለሁ። የኩባንያውን ስም አላነሳም። በአራት ወር ትደርሳለች ተባልኩ። በየሁለት ወሩ ኢሜይል ይመጣል። አንዴ ፋብሪካው ዘገየ፣ አንዴ ባትሪው ተቀየረ። በአሥራ አራተኛው ወር ለጥምቀት የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ተደሰትኩ። ቤት ውስጥ ስሞክራት ትጮሃለች፣ ቁልፌን ከሶፋ ሥር አገኘሁት። ከዚያ በትክክል ልፈትናት ብዬ ቁልፉን ቅዳሜ ገበያ አንድ ወዳጄ ሱቅ አስቀምጬ ወጣሁ። ማራኪ ደርሼ አፑን ከፈትኩ። የመጨረሻ የታየችበት ቦታ ብሎ የሚያሳየኝ የራሴን ቤት ነው። በማግስቱም ቤቴን ነው። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ቁልፌን አመጣሁ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ይህች ዕቃ የራሷ ጂፒኤስ የላትም። ሲም ካርድም የላትም። በብሉቱዝ ብቻ "እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ" እያለች ትጣራለች። ጥሪዋ ሩቅ አይሄድም፣ የድንጋይ ግድግዳ ሲያጋጥመው ደግሞ ይብስበታል። ያንኑ አፕ የጫነ ሌላ ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ስልኩ ይሰማታል። ከዚያ ስልኩ ራሱ ያለበትን ቦታ ለኩባንያው ሰርቨር፣ መረጃ ለሚያከማችበት ኮምፒውተር፣ ይልካል። ሰውዬው አያውቅም። ኪሱ ውስጥ ያለ ስልክ ነው ሥራውን የሚሠራው። እኔ ዕቃዬን ስፈልግ ጎንደር ውስጥ ያን አፕ የጫነ ሰው በአጠገቧ አላለፈም። በዚያ ላይ ኢንተርኔት ከሌለ ሁሉም ነገር የለም። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን እንደነበር ማንም አልረሳም።

አባቶቻችን የጠፋ ነገር በሕዝብ ይፈልጉ ነበር። አፈርሳታ ይባላል፣ አውጫጭ የሚለውም አለ። በሬ ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ይጠራል። አንድ ቦታ ይቀመጣል። ያየውን፣ የሰማውን ይናገራል። ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም። አድካሚ ነበር፣ ብዙ ግፍም ሳይሠራበት አልቀረም። ሆኖም አፈርሳታ የተቀመጠ ሰው መቀመጡን ያውቃል። ምን ጠፋ፣ የማን ነው፣ ማን ነው የሚጠይቀኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ትራከሩ ግን ሳይነግረን ሁላችንንም ቀንና ሌሊት አፈርሳታ ላይ ያስቀምጠናል። የሚሰበሰበው ቃል ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም።

ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብር አንዴ ይሰጣል፣ ከጠፋም አንዴ ይጠፋል። የት እንደዋልክ የሚናገረውን መረጃ ግን በየቀኑ ነው የምትሰጠው።

እንዲህ ያለ ትራከር የሚሠራውን ታይል የተባለ ኩባንያ እንመልከት። በ2013 በሕዝብ መዋጮ ነው የተነሣው። ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ዕቃው ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ባትሪያቸው የማይቀየር ስለነበር ዓመት ያህል ሠርተው ሌላ መግዛት ግድ ነበር፤ እሱም ይሁን። ሰዎቹ ያመኑት አንድን ትንሽ ኩባንያ ነው። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ላይፍ360 የተባለ ኩባንያ በ205 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው መስማማቱ ተነገረ። ወር ሳይሞላ ዘ ማርካፕ የተባለው የዜና ተቋም ላይፍ360 የተጠቃሚዎቹን ቦታ የሚያሳይ መረጃ ለመረጃ ነጋዴዎች ይሸጥ እንደነበር አጋለጠ። ኩባንያው ጩኸቱ ሲበዛበት ትክክለኛውን ቦታ የሚያሳየውን መረጃ መሸጡን በአብዛኛው እንደሚተው አስታወቀ። በ2013 ካዋጡት ሰዎች ማንም "ለማን እንሸጥ?" ተብሎ አልተጠየቀም። በ2024 ደግሞ ከታይል የደንበኞች አገልግሎት ሥርዓት ስም፣ አድራሻ፣ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር በሰርጎ ገቦች ተወሰደ። የቦታ መረጃ አልተነካም ተብሏል። እሱ መልካም ነው።

ትራክአር የተባለውም አለ። ኢንዲጎጎ በሚባለው መድረክ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቦ ነው የወጣው። ራፒድ7 የተባለ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ በ2016 ሲፈትሸው አፑ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል ስልኩ ላይ ሳይመሰጥር፣ እንዳለ ያስቀምጥ ነበር። በአጠገብ የቆመ ሰው የዕቃዋን መለያ ቁጥር በብሉቱዝ ማንበብ ይችላል። በዚያ ቁጥር ብቻ፣ ያለ ይለፍ ቃል፣ ዕቃዋ የት እንደነበረች ማየት ይቻል ነበር። ቁልፍህ የት እንዳለ ካወቀ አንተም የት እንዳለህ አወቀ ማለት ነው። ቁልፍህ ሁልጊዜ ከአንተ ጋር ነዋ።

ትልቅ ኩባንያ ሲሠራውስ? አፕል በ2021 ኤርታግ የተባለውን ትራከር በ29 ዶላር አወጣ። መረጃውን በመመስጠር ረገድ ከቀደሙት ይሻላል። ግን ብዙም ሳይቆይ ሴቶች በቦርሳቸው፣ በመኪናቸው ውስጥ የማያውቁት ኤርታግ ማግኘት ጀመሩ። የቀድሞ ፍቅረኛ ደብቆት ነው። አይፎን የያዘች ሴት ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። አንድሮይድ የያዘችው አይደርሳትም ነበር። አንድሮይድ ስልኮች ስለ ኤርታግ በራሳቸው ማስጠንቀቅ የጀመሩት በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ አፕልና ጎግል የተስማሙበት የጋራ ሥርዓት ደግሞ በግንቦት 2024 ወጣ። ማስጠንቀቂያው እስኪመጣ ከሁለት ዓመት በላይ! አፕ የማይጫንበትን ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ የምትይዘውን ሴት ደግሞ ዛሬም የሚያስጠነቅቃት ነገር የለም። ትራከሩ ቢጮህ እንኳ የምን ድምፅ እንደሆነ ማን ይነግራታል? እኛ ከተማ ያለች የቤት ሠራተኛ፣ ጠላ ሸጣ የምታድር እናት፣ ከባሏ ሸሽታ አዘዞ ዘመድ ቤት የተጠጋች ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ የሚይዙት ይህንኑ ስልክ ነው። ሊጠበቁ የሚገባቸው እነሱ ሆነው ሳለ መጀመሪያም ሲሠራ አልታሰቡም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው ቆየሁና ወደ ባጃጁ መለስኩት።

"ለሹፌሩ ነግረኸዋል?"

"ከነገርኩትማ ምን ዋጋ አለው፣ ጋሼ?"

ክፉ ልጅ አይደለም። የአባቱ ንብረት እንዳይሰረቅ ነው ሐሳቡ። ባጃጅ ደግሞ ይሰረቃል፣ አልክድም። ግን አስቡት። ሹፌሩ ከፒያሳ አዘዞ ሲመላለስ ይውላል። ያን አፕ የጫነ ሰው ከተማው ውስጥ ሲበዛ፣ ምሳ የት እንደበላ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሳመ፣ ማታ የማን በር ላይ እንደቆመ ሁሉ አንድ ልጅ ስልክ ላይ ይከማቻል። ከዚያም እኛ የማናውቀው ሰርቨር ላይ። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው የት ውሎ የት እንዳመሸ መታወቁ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ጎንደር ለሚኖር ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሕግ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ እንዲያስፈጽም ኃላፊነቱ የተሰጠውም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ እነዚህ ዕቃዎች በየሱቁ ሳይበዙ ቀድሞ ቢናገር ደስ ይለኛል። በአማርኛ፣ በሬዲዮ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ። ሰውን ሳይነግሩ መከታተል ነውር ብቻ እንዳልሆነ ሹፌሩም፣ የቤት ሠራተኛዋም መስማት አለባቸው። ገና ያልተመረተ ዕቃ በውጭ አገር ዘመድ ካርድ ለገዛ ሰው ግን የአገር ቤት ሕግ ብዙ አይደርስለትም። ለአንዲት ሃያና ሠላሳ ዶላር ዕቃ ካሊፎርኒያ ድረስ ክስ ይዞ የሚሄድ የጎንደር ሰው የለም። ስለዚህ ዋሱን ከመክፈላችን በፊት መጠየቅ አለብን። ኩባንያው ቢሸጥ መረጃዬ ምን ይሆናል? ሰርዙልኝ ስል ትሰርዙታላችሁ? ብትከስሩ ዕቃዋ ያለ እናንተ ሰርቨር ትሠራለች? ሐቀኛ ሻጭ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ገጽ ይመልሳቸዋል።

ልጁ ሦስቱንም ጥያቄ እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈላቸው። ማታ ደግሞ ሹፌሩን አናገረው። በማግስቱ ደወለልኝ። ሹፌሩ አልተቆጣም። "ሥራ ላይ ስሆን ይኑር። እሑድ ለራሴ ጉዳይ ስወስደው ግን ይነቀል" ብሎታል። አባትየውም ተስማምቷል።

ከኩባንያው በሳምንቱ አንድ ኢሜይል መጣ። ስለ ቀለም ምርጫ ነው፤ ጥቁር፣ ነጭ ወይስ ሰማያዊ ይላል። ለጥያቄዎቹ መልስ የለውም። ብሩ እስካሁን ከልጁ ኪስ አልወጣም።