አሠልጣኞቻችን ይክበሩልን

ሰሞኑን ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ አዲስ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገብቼ ተገኘሁ። ስሙ «ከዜሮ ወደ ዶላር በ21 ቀን» ነው፤ በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ እየሠሩ በዶላር መከፈልን እናስተምራለን ይላል። እናንተም ሳትገቡበት አልቀራችሁም፤ በዚህ ከተማ ስልክ ይዞ ከዚህ በረከት ያመለጠ ሰው ካለ ይንገረኝና ምስጢሩን ልማር። በማስታወቂያው ላይ አንድ ወጣት እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፊት ለፊቱ የተከፈተ ላፕቶፕ፣ ከኋላው የሰው መኪና አለ። ከሥሩ በቀይ ቀለም «የቀረው 7 ቦታ ብቻ ነው!» ይላል። ባለፈው ክረምትም የቀረው 7 ቦታ ብቻ ነበር። ፋሲካ ላይም እንዲሁ። እነዚያን 7 ቦታዎች ለማን እንደሚያስቀምጧቸው እንጃ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልሞሉም።

ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣብኝ እናደድ ነበር። አሁን ግን ልቤ ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች ምስጋና ሲያንሳቸው ነው።

እስቲ አስቡት። አሠልጣኛችን በራሳቸው አንደበት እንደነገሩን ከውጭ ደንበኞች በወር 5 ሺህ ዶላር ያገኛሉ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 100ን አልፎ ገስግሷል። እንግዲህ እኚህ ሰው በወር ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ይገባቸዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ምን ያደርጋል? እኔ ብሆን እተኛለሁ። እሳቸው ግን በማለዳ ተነሥተው፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥተው፣ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው፣ ከእያንዳንዱ ተማሪ 4,500 ብር ይቀበላሉ። ደረሰኝ ካልተጠየቁ ቅናሽ ያደርጋሉ። «በዶላር የሚከፈላቸው ሰው የእኛን ብር ምን ሊያደርጉት ነው?» የሚሉ ነገረኞች አይጠፉም። ምቀኞች ናቸው። የገቢያቸውን ስክሪንሹት እኮ በቡድኑ ላይ ለጥፈውታል፤ ስሙ ተሸፍኖ፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ የገንዘቡ መጠን ብቻ በቀይ ተከቦ።

ትምህርቱም ቢሆን እንደ ሌላው ትምህርት አያሰለችም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ለአስተሳሰብ ለውጥ የተሰጠ ነው። ድህነታችን ከኪሳችን ሳይሆን ከጭንቅላታችን እንደሚመነጭ ይነገረናል፤ ተነሥተን «እችላለሁ!» እያልን ሦስት ጊዜ እንጮሃለን፤ ከሥር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ይደነግጣል። በሁለተኛው ቅዳሜ ሠሪና አሠሪ በኢንተርኔት በሚገናኙባቸው በፋይቨርና በአፕዎርክ ላይ ገጽ ይከፈታል። ስለ ራስ የሚጻፈው መግለጫ ከአንድ የሕንድ ባለሙያ ገጽ ላይ እንዳለ ይቀዳና ስሙ ብቻ ይቀየራል። ስሙን መቀየር የረሱም አሉ። በዚህ ዓይነት፣ እስከ ትናንት ድረስ ፋይል አባሪ አድርጎ መላክ የማይችለው ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የ8 ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያ ሆኗል። ሙያው ራሱ የሚሰጠው ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነበር። መብራት ጠፋ።

ሌላው ውለታቸው በነጻ የሚገኘውን ነገር ማስከበራቸው ነው። ፍሪኮድካምፕ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ቤት የድረ ገጽ ሥራን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም በነጻ ያስተምራል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ትምህርት ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ሳይከፍል ሊከታተለው ይችላል። በ2016 ክረምት የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርቶችን ያለ ክፍያ ሲሰጥ ቆይቷል። ችግሩ እኛ ነጻ ነገር አናከብርም። አሠልጣኞቻችን ይህን ጠባያችንን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ የነጻውን ትምህርት አድራሻ «ልዩ የግብዓት ጥቅል» ብለው በ1,200 ብር ይሸጡልናል፤ እኛም የከፈልንበት ነው ብለን በአክብሮት እናስቀምጠዋለን። ከፍቶ ያየው የለም።

ይህን ሁሉ የሚያስንቀው ግን ምርቃቱ ነው። የእህቴ ልጅ ከተመራቂዎቹ አንዱ ስለነበር የማየት ዕድል ገጠመኝ። አንደኛው ቅዳሜ በጩኸት፣ ሦስተኛው በጨለማ ላለፈ ሥልጠና የሆቴል አዳራሽ ተከራይተዋል። ተመራቂዎቹ ጥቁር ጋዋን ለብሰዋል፤ ባለ መንጠልጠያ ቆብ ደፍተዋል። ጋዋኑ በኪራይ ነው፤ ቆቡ ለብቻው ይከፈልበታል። ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ ተኮናትሮ የመጣ ቤተሰብ ነበር። እናቶች ገና ከበሩ እልል ይሉ ጀመር። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ትልቅ ጨርቅ «የ4ኛ ዙር የግራፊክ ዲዛይይን ምሩቃን» ይላል። ጨርቁን ማን እንደሠራው ብጠይቅ አራት ኪሎ ያለ ማተሚያ ቤት ነው አሉኝ፤ የመጥሪያ ካርዱንም ያው ማተሚያ ቤት ነው የሠራው፤ የግራፊክ ዲዛይን ምሩቃኑ በምርቃቱ ዝግጅት ተጠምደው ስለነበር ጊዜ አልነበራቸውም። ገና መርሐ ግብሩ ሲጀመር ድምፅ ማጉያው እምቢ አለ። የመድረኩ መሪ «ከቴክኖሎጂ ተመራቂዎቻችን መካከል የሚረዳን ይኖራል?» ሲሉ ጋዋን የለበሰው ሁሉ ወደ ጫማው ያይ ጀመር። በመጨረሻ የሆቴሉ አስተናጋጅ የቡና ስኒዎቿን አስቀምጣ መጥታ ገመዱን ሰካችው።

የክብር እንግዳው በሴራሚክ ንግድ የከበሩ ባለሀብት ነበሩ። ለተመራቂዎቹ ባስተላለፉት መልእክት፣ እሳቸው እስከ ዛሬ ኮምፒውተር ነክተው እንደማያውቁ፣ ሦስት ፎቅ ግን እንዳላቸው ተናገሩ። ረጅም ጭብጨባ ተደረገላቸው። ቀጥሎ የወርቅ ሜዳሊያ ነበር። ፈተና ስላልተሰጠ አንደኛ የወጣው እንዴት እንደታወቀ ግራ ገብቶኝ ሳለ ተብራራልን፤ ተሸላሚው ለቀጣዩ ዙር 11 ሰው ያስመዘገበ ተማሪ ነው። ከዚያ ተመራቂዎቹ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው የደንበኛን ሥራ በሰዓቱ ሊያደርሱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ደንበኛ ያለው አንድም አልነበረም። የአቋም መግለጫም ተነበበ፤ ዘጠኝ ነጥብ አለው፤ በነጥብ አራት ላይ የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ እጥረት በአጭር ጊዜ ውስጥ ለመቅረፍ ቃል ገቡ። ኬኩ በላፕቶፕ ቅርጽ የተሠራ ነበር፤ ፊደላቱ በቸኮሌት የተጻፉ፣ ማያው ሰማያዊ ክሬም። የክብር እንግዳው በየት በኩል እንደሚቆረጥ ጠፍቷቸው ዙሪያውን ሲዞሩ፣ ከኋላዬ የነበሩት እናት «ይኼ ነው እንዴ ሲማረው የከረመው?» ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ከሁሉም ፊደላት ትልቋ ቁልፍ ለዋናው አሠልጣኝ ተቆርጣ ቀረበች። በሏት። ቆብ ሲወረወር አንዱ ቆብ ጣሪያው ላይ ካለው መብራት ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ ባለቤቱ ሦስት መቶ ብር ቅጣት ከፈለ። ሰርተፍኬቱን ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ወርቃማ ጠርዝ፣ አምስት ፊርማ፣ ትክክለኛነቱን ማረጋገጫ ይሆን ዘንድ በስልክ የሚነበብ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት አለው። ምልክቱን በስልኬ ባነበው የአሠልጣኙ የቴሌግራም ቻናል ተከፈተ።

እስከዚህ ድረስ ስቄአለሁ። ከአጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር፤ ጋዋን ለብሳ፣ ብቻዋን። ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ያጠራቀመችውን አውጥታ መርካቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታለች፤ ለሥልጠናው፣ ለግብዓት ጥቅሉ፣ ለጋዋኑና ለቆቡ ከፍላለች። «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ሥራ ይገባልኛል ብለዋል» አለችኝ። ምን ልበላት? ፋይቨር ከምታገኘው ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር ሃያውን እንደሚያስቀር አልነገሯትም። አፕዎርክ ላይ ለአንድ ሥራ ለመወዳደር ማመልከቻ ለመላክ ብቻ እንኳ የሚከፈልበት ነገር እንዳለ አልነገሯትም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ እንደ ሰው የሚጽፈው ቻት ጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ብዙ ደንበኛ ተራውን ጽሑፍ በእሱ እያሠራ መሆኑን፣ የሚያሳይ ሥራ የሌለው ጀማሪ ስንትና ስንት ማመልከቻ ልኮ መልስ የሚያጣ መሆኑን፣ የተከፈለው ገንዘብ እዚህ አገር ባንክ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ አልነገሯትም። ያውቁታል እኮ! ባያውቁት ይቅር ባልኳቸው። ከሰው ሳሎን ወለል ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ያመጣችውን ገንዘብ በጠራራ ፀሐይ ወስደው፣ ኬክ አጉርሰው ሸኟት። ይህ ሌብነት ነው። ያጨበጨብን ሁላችንም አለንበት።

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ለንጽጽር ያህል፣ ሥልጠና ሳይወስዱ በዚህ ሙያ የገቡትን ምስኪኖች ተመልከቱ። በሠፈራችን አንዲት ልጅ አለች። የሌሎች ሰዎችን የተበላሸ ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትእዛዝ፣ ታስተካክላለች። ደንበኛዋ ካሊፎርኒያ ነው፤ እሱ ጠዋት ቢሮው ሲገባ እዚህ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ አገር ሲተኛ እሷ ትነሣለች። አንዲት የጠፋች ነጠላ ሰረዝ ፍለጋ ሙሉ ሌሊት ያደረችበት ጊዜ አለ። በኮድ ላይ የተደረገን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚይዘውን ጊት የተባለ መሣሪያ ለብቻዋ ተማረች፤ ሰው የጻፈውን ኮድ ማንበብን፣ ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን የስሕተት መልእክት ሳይደነግጡ እስከ መጨረሻው ማንበብን፣ ለደንበኛ «ይህን በሰኞ አልጨርሰውም» ብሎ በጊዜ መጻፍን ለብቻዋ ተማረች። ዓመታት ፈጀባት። ሃያ አንድ ቀን የሚበቃ መሆኑን የነገራት አልነበረማ! ያውም መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ትሠራለች፤ ከዚያ ላፕቶፗን አቅፋ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ ትወጣለች። ጋዋን ለብሳ አታውቅም። ሜዳሊያ የላትም። ስንት እንደምታገኝ አትናገርም፤ ስክሪንሹት መለጠፍ እንኳ አትችልበትም። ቀን ቀን ስለምትተኛ ሠፈሩ ሁሉ ሥራ ፈት መሆኗን ያውቃል። በቀደም ጎረቤቷ እናቷን ጠርታ «እትዬ፣ ልጅቷ እንዲሁ ከምትቀመጥ ያንን የ21 ቀን ሥልጠና ብትወስድ ምን ይመስልሻል?» ብላ መከረች። እናትየዋም አላስቻላቸውምና ማስታወቂያውን ለልጃቸው ላኩላት።

የእህቴ ልጅስ የት ደረሰ የሚል ካለ፣ ደኅና ነው። ዶላር ገና አልመጣም። እሱ ግን ጊዜውን አላባከነም፤ ጓደኞቹን ሰብስቦ የራሱን ሥልጠና ከፍቷል። በማስታወቂያው ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። መኪናው የእኔ ነው። የዙር አራት ምሩቃን ግማሽ ያህሉ አሁን አሠልጣኝ ናቸው ይላል፤ ሌሎቹ ደግሞ ዕድሜ ለዋናው አሠልጣኝ፣ «የአሠልጣኞች ሥልጠና» ስለተከፈተላቸው በዝግጅት ላይ ናቸው። ክፍያው 15 ሺህ ብር ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

የዚህን የአሠልጣኞች ሥልጠና የማስተዋወቂያ ስብሰባ እኔም ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ማብራሪያው ካለቀ በኋላ ጥያቄ ያለው ተባለና ከፊት የተቀመጠ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ።

«አሠልጣኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እስካሁን ለውጭ ደንበኛ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱን ቢያሳዩን?»

አዳራሹ አጉረመረመ። «ምን ዓይነት ስድ ነው!» ያሉም ነበሩ። አሠልጣኙ ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉት። «እሱ በሦስተኛው ደረጃ የሚሰጥ ነው።»

ስወጣ ልጁ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ፊት ተሰልፎ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ አንድ ላይ ለሚከፍል ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ይጠይቅ ነበር።